ቆጠራው፣ መዝገቡና መሪው፦ በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ሃይማኖትና የፖለቲካ መሪነት

ባለፈው ሴሚስተር በእስያ ታሪክ ኮርስ የቡድናችንን ሥራ ለክፍሉ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ርዕሳችን የሕንድ መከፈል ነው። ነገሩን ቀለል አድርጌ፣ «ሕንድን ለሁለት የከፈሏት አክራሪ ሃይማኖተኞች ናቸው፤ አንድ ሊያደርጓት የሞከሩት ደግሞ ሃይማኖትን ከፖለቲካ የለዩ ሰዎች ናቸው» ብዬ ደመደምኩ። ሰሌዳውም ላይ ሁለት ክብ ሠርቼ፣ አንዱን «ሃይማኖተኛ»፣ ሌላውን «ዓለማዊ» ብዬ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ። መምህራችን ግን ጠመኔውን ተቀብለውኝ ከክቦቹ ሥር አራት ስም ጻፉ፦ ጂናህ፣ አዛድ፣ ሳቫርካር፣ ጋንዲ። ከዚያም «እስቲ እያንዳንዳቸውን በየክባቸው አስገባልን» አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ።

ይህ ጽሑፍ ያን ቀን መመለስ ላቃተኝ ጥያቄ የተሰጠ ዘግየት ያለ መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በክቦቹ ውስጥ የማይገቡት ሰዎች

ከመሐመድ አሊ ጂናህ እንጀምር። በ1876 ካራቺ ተወለዱ፤ ለንደን ሕግ ተምረው ቦምቤይ ውስጥ ስመ ጥር ጠበቃ ሆኑ። የተወለዱት ከኢስማኢሊ ኾጃዎች ወገን ነው፤ ይህም በሙስሊሙ መካከል እንኳ በቁጥር ትንሽ የሆነ ማኅበረሰብ ነው። ለብዙ ዘመን ልብሳቸው የእንግሊዝ ሱፍ፣ ንግግራቸው እንግሊዝኛ፣ በ1918 ያገቧትም የፓርሲ ቤተሰብ ልጅ ነበረች። ሃይማኖታዊ ሥርዓትን በማጥበቅ የሚታወቁ ሰው አልነበሩም። ለሙስሊሞች የተለየ አገር ጠይቀው ያገኙት ግን እኚህ ናቸው።

አቡል ካላም አዛድ ደግሞ በ1888 የተወለዱት እዚያው መካ ውስጥ ነው። የሊቃውንት ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውም በኡርዱ ቋንቋ የቁርኣን ትርጉምና ማብራሪያ የጻፉ ሊቅ ነበሩ። እኚህ ሰው ከ1940 እስከ 1946 የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆነው አገሪቱ እንዳትከፈል ተከራከሩ።

በሂንዱው ወገንም ያው ነው። ሂንዱነትን የብሔር መለያ ያደረገውን የሂንዱትቫ ጽንሰ ሐሳብ በ1923 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉት ሳቫርካር፣ ላም ጠቃሚ እንስሳ ናት እንጂ የምትመለክ አይደለችም ብለው የጻፉ ሰው ናቸው። ማህተመ ጋንዲ በአንጻሩ ሲጾሙና ሲጸልዩ፣ የፖለቲካ ንግግራቸውን ሁሉ በሃይማኖት ቃል ሲያስውቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በጥር 30 ቀን 1948 የገደላቸው ናቱራም ጎድሴ የሚባል ሂንዱ ሲሆን፣ ምክንያቱም ለሙስሊሙ አደሉ የሚል ነበር።

እንግዲህ የኔ ክብ እዚህ ላይ ፈረሰ። አንድ መሪ በግሉ ምን ያህል ያምናል የሚለው ጥያቄ፣ የማን መሪ ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ሌላ ነገር መፈለግ አለብን። እኔ ፈልጌ ያገኘሁት መልስ ትንሽ የሚያሰለች ይመስላል፤ የቢሮ ሥራ ነውና። ቆጠራ፣ የመራጮች መዝገብና የመቀመጫ ድልድል ነው።

አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ

እንግሊዞች ከ1857ቱ አመፅ በኋላ ሕንድን ከኢስት ኢንዲያ ኩባንያ እጅ ወስደው በዘውዱ ሥር አደረጓት። የሚገዙትን ሕዝብ ለማወቅም መቁጠር ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰፊ ቆጠራ በ1871 እና 72 የተካሄደ ሲሆን፣ ከ1881 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ቀጠለ። ቅጹ ላይ የሃይማኖት ዓምድ ነበር። ቆጣሪው «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጻፈው አንድ መልስ ብቻ ነው።

ነገር ግን ሕይወት ሁልጊዜ አንድ መልስ አልነበራትም። ከዴልሂ ደቡብ የሚኖሩት ሜኦዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ የጋብቻ ደንባቸው ግን እንደ ሂንዱ ጎረቤቶቻቸው በጎሳ የዘር ሐረግ ላይ የቆመ፣ በዓላቸውም የተቀላቀለ ነበር። በየአገሩም የሱፊ ቅዱሳን መቃብር ላይ ሂንዱውም ሙስሊሙም ስለት ያገባ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ቆጣሪው ፊት ሲቀርብ ግማሹ ማንነቱ ከቅጹ ውጭ ይቀራል። የ1872ቱ ቆጠራ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ፤ በምሥራቅ ቤንጋል ሙስሊሙ ከተገመተው በላይ በዝቶ መገኘቱ ባለሥልጣናቱን አስገረማቸው። «ብዙኃን» እና «አናሳ» የሚሉት ቃላት ከዚህ በኋላ በቁጥር የተደገፉ ሆኑ። ቁጥር ደግሞ አንዴ ከታተመ ጋዜጣውም ሰባኪውም ያነበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። «ልዩነቱን የፈጠሩት እንግሊዞች ናቸው» ማለቴ አይደለም። በእኛ ክፍል ብዙ ተማሪ ይህን መልስ ይወደዋል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ስህተቴ ያልተሻለ ሌላ ማቅለያ ሆኖ ይታየኛል። ሰዎቹ ራሳቸው ሠርተዋል። በ1880ዎቹ የተስፋፋው የላም ጥበቃ ንቅናቄ በ1893 በብዙ ቦታ ደም ያፋሰሰ ግጭት አስከትሏል። በዚያው ዓመት ቲላክ በማሃራሽትራ የጋኔሻን በዓል ከቤት ወደ አደባባይ አውጥተው ሕዝብ የሚደራጅበት መድረክ አደረጉት። በሙስሊሙ በኩል ሰር ሰይድ አሕመድ ኻን በ1875 በአሊጋርህ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አቁመው፣ በኋላም ሙስሊሞች በ1885 ከተቋቋመው ኮንግረስ እንዲርቁ መከሩ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር፤ ምርጫ የሚባል ነገር ከመጣ ቁጥሩ አናሳ የሆነው ወገን ሁልጊዜ ተሸናፊ ይሆናል የሚል ነው። ሰውዬው ይህን ሲሉ ቆጠራው አንባቢ እንዳገኘ ያስታውቃል።

የ1909ኙ መዝገብ

በጥቅምት 1 ቀን 1906 በአጋ ኻን የሚመራ የ35 ሙስሊም መኳንንትና ባለርስት ቡድን ሲምላ ላይ ከእንግሊዝ እንደራሴ ከሎርድ ሚንቶ ፊት ቀረበ። የጠየቁት ሙስሊሞች በሚቋቋሙት ምክር ቤቶች በራሳቸው መራጮች ብቻ እንዲመረጡ፣ የመቀመጫቸውም ብዛት ከቁጥራቸው በላይ እንዲሆን ነው። እንደራሴው ልመናውን በበጎ ተቀበሉት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 30 ሙስሊም ሊግ ዳካ ላይ ተመሠረተ። በ1909 ጥያቄው ሕግ ሆነ።

የዚህ ሕግ አሠራር ካልገባን የቀረው ሁሉ አይገባንም፤ ስለዚህ በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ወረዳ 100 መራጭ አለ እንበል፤ 60 ሂንዱ፣ 40 ሙስሊም። መዝገቡ አንድ ከሆነ ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው የሁለቱንም ደጅ መጥናት አለበት። የሂንዱው ድምፅ ለሁለት ተወዳዳሪ ከተከፈለ ወሳኙ የሙስሊሙ ድምፅ ይሆናል፤ ስለዚህ ሙስሊሙን የሚሰድብ ተወዳዳሪ ራሱን ይጎዳል። አሁን መዝገቡን ለሁለት ቁረጡት። ለሙስሊሙ መቀመጫ የሚወዳደረው ሙስሊም ብቻ፣ የሚመርጠውም ሙስሊም ብቻ ነው። ተወዳዳሪው ስለ 60ዎቹ ሂንዱዎች ምን ቢል ምንም ድምፅ አይቀርበትም። ሙስሊም ባላጋራው «እኔ ከሱ ይልቅ ለእስልምና ተቆርቋሪ ነኝ» ሲለው ግን ይጎዳል፤ ስለዚህ እሱም ከዚያ ብሶ መገኘት አለበት። በሌላውም መዝገብ እንደዚያው።

በጣም የገረመኝ ደግሞ ይህን ሥርዓት አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ወጣቱ ጂናህ መሆናቸው ነው። በ1910 በተካሄደው የኮንግረስ ጉባዔ የተለየው መዝገብ ወደ ማዘጋጃ ቤቶች እንዳይስፋፋ የሚጠይቀውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ነበሩ። ይህን ባቀረቡበት ዓመት እሳቸው ራሳቸው በእንደራሴው ምክር ቤት የተቀመጡት ለቦምቤይ ሙስሊሞች በተለየው መቀመጫ ነበር! ሌላ በር አልነበረማ። ግብዝነት ነው ሊባል ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን የመዝገቡ ጉልበት የታየበት ቦታ ይመስለኛል። ወንበሩን የሚቃወመውን ሰው እንኳ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ «የሙስሊም ተወካይ» የሚል ስም ሰጠው።

በ1916 ሉክናው ላይ ጂናህ ኮንግረስንና ሊግን አስታረቁ። ኮንግረስ የተለየውን መዝገብ ተቀበለ፤ ሊጉ ደግሞ ራስን የማስተዳደሩን ጥያቄ አብሮ ለማንሳት ተስማማ። ድልድሉን ስታዩት ነገሩ ይገባችኋል። ሙስሊሙ 14 በመቶ ገደማ በሆነበት በዩናይትድ ፕሮቪንስስ 30 በመቶ መቀመጫ ተሰጠው፤ ከግማሽ በላይ በሆነበት በቤንጋል ግን 40 በመቶ ብቻ። ይህን የተደራደሩት በአብዛኛው ሙስሊሙ አናሳ ከሆነባቸው ክፍላተ ሀገር የመጡ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። የቤንጋል ገበሬ ሙስሊም ስለ ራሱ መቀመጫ ማን ጠየቀው? «ሙስሊሞች» በሚለው ስም የሚናገሩት የትኞቹ ሙስሊሞች እንደሆኑ ከዚህ ድልድል በላይ የሚያሳይ ሰነድ አላየሁም።

ጋንዲ፦ በሃይማኖት አንድ ለማድረግ

ማህተመ ጋንዲ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሕንድ ሙስሊሞች በቱርኩ ኸሊፋ ዕጣ ተቆጥተው የኺላፋት ንቅናቄን ሲጀምሩ፣ ጋንዲ ጥያቄያቸውን የራሳቸው አደረጉት። ሐሳባቸው ሂንዱው ለወንድሙ ሃይማኖት ሲል አብሮ ቢታገል ልብ ለልብ ይገናኛል የሚል ነበር። በ1920 እና 21 እውነትም የተገናኘ መሰለ፤ ሂንዱና ሙስሊም በአንድ ሰልፍ ወጡ።

ጂናህ ግን አልወደዱትም። ሕዝብን በሃይማኖት ስሜት ማነሳሳት አደገኛ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በታኅሣሥ 1920 ናግፑር በተደረገው ጉባዔ ተቃውሟቸው በጩኸት ተዋጠ፤ ኮንግረስንም ለቀቁ። (ልጆች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉና የኔን ሁለት ክብ አስታውሱ። በ1920 በየትኛው ክብ ውስጥ ማን ነበር?) በየካቲት 1922 ቻውሪ ቻውራ ላይ ሰልፈኞች ፖሊስ ጣቢያ አቃጥለው ፖሊሶች ሲሞቱ ጋንዲ ትግሉን አቆሙ። በ1924 ደግሞ ቱርኮች ራሳቸው ኸሊፋነቱን ሻሩትና ንቅናቄው መሠረቱን አጣ። ያ ሁሉ የተቀሰቀሰ ስሜት ግን ቤቱ አልገባም። የሃይማኖት ግጭት በየከተማው ተነሣ፤ ጋንዲም በመስከረም 1924 ዴልሂ ውስጥ፣ በሙስሊሙ መሪ በመሐመድ አሊ ቤት፣ ለ21 ቀን ጾሙ።

ጋንዲን ማማት ለኔ ቀላል አይደለም። ሆኖም ስለ መጪው መልካም ዘመን ሲናገሩ «ራምራጅያ»፣ የራማ መንግሥት፣ ይሉት ነበር። እሳቸው ፍትሕ የሰፈነበት ዘመን ማለታቸው ነው። ቃሉ ሂንዱው ገበሬ ጆሮ ጋ ሲደርስ እንደ እናት ቋንቋ ይጣፍጠዋል፤ ሙስሊሙ ጆሮ ጋ ሲደርስ ግን የሌላ ሰው ቤት ይመስለዋል። አንድ ቃል ለሁለት አድማጭ ሁለት ትርጉም አለው፤ መዝገቡም ሁለቱን አድማጮች አስቀድሞ ለይቷቸዋል።

በ1932 የእንግሊዝ መንግሥት «የማይነኩ» ይባሉ ለነበሩት ወገኖችም የተለየ መዝገብ ሲሰጥ ጋንዲ እስከ ሞት እጾማለሁ አሉ። የነዚያ ወገኖች መሪ ዶክተር አምቤድካር ጾሙ ሕይወት እንዳያጠፋ ሲሉ ተደራደሩ፤ በፑና ስምምነትም የተለየው መዝገብ ቀርቶ በጋራ መዝገብ የሚሞሉ የተጠበቁ መቀመጫዎች ከ71 ወደ 148 ከፍ አሉ። ለሙስሊሙ የተፈቀደው ለነዚህ ለምን ተከለከለ? ጋንዲ ሂንዱነትን ይከፍላል ብለው ነው። አምቤድካር ግን በጋራው መዝገብ የኛን ሰው የሚመርጥልን ባለ ብዙ ድምፁ ሌላው ካስት ነው ብለው ነበር፤ ለዚህ ክርክር አጥጋቢ መልስ የሰጣቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከላይ በምሳሌ ያሞገስኩት የጋራ መዝገብም የራሱ ሕመም እንዳለበት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ብቸኛው ቃል አቀባይ

በ1937 በአዲሱ ሕግ በየክፍለ ሀገሩ ምርጫ ተደረገ። የመምረጥ መብት በግብር፣ በንብረትና በትምህርት የተወሰነ ስለነበር የመረጠው ከ30 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሰው ከተመዘገበበት ዝርዝር ነው። ሙስሊም ሊግ ከ480 ከሚበልጡት የሙስሊም መቀመጫዎች ሩብ ያህሉን እንኳ አላገኘም። ፑንጃብ ውስጥ ሙስሊም፣ ሂንዱና ሲክ ባለርስቶችን ያቀፈው የዩኒየኒስት ፓርቲ ሊጉን አዋረደው። ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ሙስሊም በሆነበት በሰሜን ምዕራቡ ጠረፍ ደግሞ የኻን አብዱል ጋፋር ኻን ቀይ ሸሚዞች ከኮንግረስ ጋር ቆሙ። በዚህ ዓመት አንድ ሰው ተነሥቶ «የሙስሊሙ ድምፅ እኔ ነኝ» ቢል ይሳቅበት ነበር።

ታዲያ በዘጠኝ ዓመት ምን ተፈጠረ? ኮንግረስ አሸንፎ በዩናይትድ ፕሮቪንስስ መንግሥት ሲመሠርት ሊጉን በጥምረት ለማስገባት የሰጠው ቅድመ ሁኔታ ሊጉ ራሱን አፍርሶ እንዲቀላቀል የሚጠይቅ ያህል ነበር፤ ድርድሩም ፈረሰ። በ1939 የኮንግረስ መንግሥታት እንግሊዝ ሕንድን ሳታማክር ጦርነት ውስጥ አስገባችን ብለው ሥልጣን ለቀቁ፤ ጂናህም ቀኑን የመገላገያ ቀን ብለው አከበሩት። መሪዎቹ እስር ቤት በነበሩባቸው የጦርነት ዓመታት ሊጉ ሜዳው ላይ ብቻውን ተደራጀ። በመጋቢት 1940 ላሆር ላይ ሙስሊሞች ብዙኃን የሆኑባቸው አካባቢዎች ራሳቸውን የቻሉ መንግሥታት እንዲሆኑ ጠየቀ። «አናሳ» የሚለው ቃል «ብሔር» በሚለው ተተካ። ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ አናሳ በድምፅ ይሸነፋል፣ ብሔር ግን እኩል ሆኖ ይደራደራል።

በ1945 የበጋ ወራት እንደራሴው ሎርድ ዌቭል መሪዎቹን ሁሉ ሲምላ ላይ ሰበሰቡ። ኮንግረስን የወከሉት ሊቁ ሙስሊም አዛድ ናቸው፤ ሊጉን ጂናህ። ጉባዔው የፈረሰው በድንበር ወይም በገንዘብ አይደለም። ጂናህ በሚቋቋመው ምክር ቤት የሚቀመጥ ሙስሊም ሁሉ በሊጉ ብቻ መሰየም አለበት አሉ፤ ኮንግረስም ሆነ ፑንጃብ የራሳቸውን ሙስሊም መሰየም አይችሉም። ማለትም አዛድ ሙስሊም ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሙስሊም ተወካይ ግን መሆን አይችሉም! ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጫለሁ። መካ ተወልደው ቁርኣን የተረጎሙት ሰው ሙስሊሙን መወከል ሲከለከሉ፣ ከልካዩ ለንደን የሠለጠኑት ጠበቃ ናቸው። ግን በመዝገቡ ሕግ ካየነው ጂናህ የተናገሩት እብደት አይደለም። ከ1909 ጀምሮ ሥርዓቱ ሲጠይቅ የኖረው «ማን ያምናል?» ብሎ ሳይሆን «ማን ይወክላል?» ብሎ ነው።

በ1945 መጨረሻና በ1946 መጀመሪያ የተደረገው ምርጫ መልሱን ሰጠ። ሊጉ በማዕከላዊው ምክር ቤት 30ውንም የሙስሊም መቀመጫዎች ወሰደ፤ በየክፍለ ሀገሩም አብዛኛውን። ፑንጃብ ላይ ዩኒየኒስቶች ተንኮታኮቱ፤ በገጠር ተከታይ ያላቸው የሱፊ ቤተሰቦች ፊታቸውን ወደ ሊጉ አዙረው ነበር። የዴኦባንድ ሊቃውንትም ተከፈሉ፤ ሑሴን አሕመድ መዳኒ ከኮንግረስ ጋር ሆነው አንድ ሕንድ ሲሉ፣ ሸቢር አሕመድ ዑስማኒ ከሊጉ ጋር ቆሙ። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ፖለቲካ። ጠረፉ ብቻ አሁንም ለኮንግረስ መረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በነሐሴ 1946 የካልካታ እልቂት፣ በነሐሴ 1947 መከፈል፣ ከ12 ሚሊዮን የማያንስ ስደተኛ፣ የሟቹም ቁጥር እስከ 1 ሚሊዮን የሚገመት። ጂናህ በነሐሴ 11 ቀን 1947 ለአዲሱ የፓኪስታን ጉባዔ ሲናገሩ፣ ዜጋው ወደ ፈለገው የጸሎት ቤት መሄድ እንደሚችልና ሃይማኖቱ የመንግሥት ጉዳይ እንዳልሆነ ነገሯቸው። ንግግሩን ያነበበ ሁሉ ሰውዬው ተለወጡ እንዴ ይላል። እኔ አልተለወጡም ባይ ነኝ። ለሳቸው ሃይማኖት የመደራደሪያ አሐድ ነበር፤ ድርድሩ አለቀ፣ አሐዱም ሥራውን ጨረሰ። ከታች ሆነው የሰሟቸው ሰዎች ግን እንደዚያ አልሰሙትም ነበር።

ከሁሉ በላይ አእምሮዬ ውስጥ የቀሩት የዩናይትድ ፕሮቪንስስ ሙስሊሞች ናቸው። በ1906 ሲምላ የሄዱት ብዙዎቹ ከነሱ ወገን፣ በ1916 በድልድሉ የተጠቀሙት እነሱ፣ በ1946ም ለሊጉ በገፍ የመረጡት እነሱ ነበሩ። ድንበሩ ሲሰመር ክፍለ ሀገራቸው ሕንድ ውስጥ ቀረ። ጥቂቱ ተሰደደ፤ አብዛኛው ቤቱ ቆየ። በ1951ዱ ቆጠራ ሕንድ ውስጥ የተገኘው ሙስሊም 35 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቆጣሪው እንደ ድሮው ሃይማኖታቸውን ጠይቆ ጻፈ። የተለየው መዝገብ ግን በ1950 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት ቀርቷል፤ በ1951 እና 52 ምርጫ ከሂንዱ ጎረቤታቸው ጋር በአንድ ሰልፍ ቆመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ንብረትና ትምህርት ሳይጠየቁ፣ ከአንድ ዝርዝር ላይ ስማቸው ተጠራ።